ሞቱን የለመነ ወታደር

እስቲ ጠጋ በሉማ፣ የአንድ ወታደር ነገር ላውጋችሁ።

ለንደን፣ ድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1800። ንጉሥ ጆርጅ ሳልሳዊ ከሰገነታቸው ብቅ ሲሉ ሕዝቡ ብድግ አለ። ወዲያው ከታች ሽጉጥ ጮኸ። ጥይቷ ንጉሡን ሳትነካ አለፈች። ተኳሹ ጄምስ ሃድፊልድ ተያዘ። ንጉሡስ? ቁጭ ብለው ቴአትራቸውን አዩ!

ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1794 ከፈረንሳዮች ጋር ሲዋጋ ጭንቅላቱን በጎራዴ ተከትክቶ የተረፈ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ልቡናው አልተመለሰም። «መንግሥት ከገደለኝ ክርስቶስ ዳግም ይመጣል» ብሎ አመነ። ራሱን እንዳያጠፋ ኃጢአት ሆነበት። ንጉሥ ላይ የተኮሰን ሰው ምን እንደሚጠብቀው ግን ያውቃል።

እንግዲህ አስቡት፤ ሌላው ተከሳሽ ከገመድ ለማምለጥ ይሟገታል፣ ይሄኛው ገመዱን ፍለጋ መጥቷል። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ከቅጣት የሚድነው እንደ ሕፃን ምንም የማያውቅ እብድ ብቻ ነበር። ሃድፊልድ ደግሞ አቅዷል፣ ሽጉጥ ገዝቷል፣ ባሩድ አጉርሷል። ጠበቃው ቶማስ ኧርስኪን ተነሥቶ፣ ሰው እያቀደም ሊያብድ ይችላል፣ እቅዱ የተተከለው ቅዠት ላይ ከሆነ እቅድ መሆኑ ምን ይረባል ሲል ተከራከረ። ጁሪዎቹንም የራስ ቅሉን ቁስል እዩት አላቸው፤ የአንጎሉ ሽፋን ይታይ ነበር። ዋናው ዳኛ ክርክሩን አስቆሙት። ሃድፊልድ ነፃ ተባለ።

ነፃ ሲባል ታዲያ ቤቱ የገባ እንዳይመስላችሁ። ፓርላማው በሳምንታት ውስጥ አዲስ ሕግ አወጣ፤ በእብደቱ ምክንያት ነፃ የተባለ ሰው ንጉሡ እስኪፈቅዱ ድረስ ይቆለፍበት። አሥር ዓመት የተፈረደበት ቀኑን ቆጥሮ ይወጣል፤ ነፃ የተባለው ሃድፊልድ ግን የሚቆጥረው ቀን አልነበረውም።

ዛሬ የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መካከለኛ መንገድ አለው፤ አንቀጽ 48 ሕመም ጨርሶ ማስተዋል የነሣውን አይቀጣም፣ አንቀጽ 49 ደግሞ በከፊል የጎዳውን ቅጣት ያቀልለታል። ለሃድፊልድ ያለው ግን ወይ ገመዱ ወይ ቁልፉ ነበር።

አንዴ አመለጠ፣ ዶቨር ወደብ ላይ ያዙት። ወህኒና ሆስፒታል ሲፈራረቁበት 41 ዓመት አለፈ። ሞቱን ለምኖ የተከለከለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1841 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ክርስቶስን ሲጠብቅ የሞተበት ሆስፒታል ስሙ ማን መሰላችሁ? ቤተልሔም።