«ያዞረኛል» ማለትም እውቀት ነው፦ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ባሻገር

በኢየሩሳሌም ኢትዮጵያ ጎዳና ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ በአጼ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአጼ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላው የኤሊዔዘር ቤን የሁዳ ቤት ነው። ቤን የሁዳ ዕብራይስጥ የልጆች የቤት ቋንቋ እንዲሆን ታገለ፤ ቃል ሲጎድልም ፈጠረ። ልጅ ስሙን የማያውቀውን ነገር መናገር ይከብደዋልና። በስሜት ሕዋሳትም ያው ነው።

በጋን ልጆች የሚማሩት አምስት ነው፦ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። ይህን ቆጠራ ያጸናው ከ2,300 ዓመት በፊት የኖረው አርስቶትል ነው። ብዙ ቆይቶ በ1826 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቤል ጡንቻም ለአንጎል መልእክት እንደሚልክ ጻፈ። በ1906 ደግሞ ቻርልስ ሼሪንግተን እጅና እግራችን የት እንዳሉ ሳናይ የምናውቅበትን ስሜት «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» ብሎ ሰየመው። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻውን እያየ አይደለም እኮ!

በቪየና ደግሞ አይሁዳዊው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የሕመምተኞችን ጆሮ በውሃ ያጥብ ነበር። ውሃው ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ ያዞራቸዋል። ባራኒ ይህን ቅሬታ ሰምቶ አላለፈውም፤ ተከታትሎ የውስጠኛውን ጆሮ የሚዛን አካል አሠራር መረመረ፣ የ1914ንም የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ለታናናሾቻችሁ ስታስተምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን በጣታቸው ይንኩ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው ቀጥ ይበሉ፤ በጆሯቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ገና ስላልቆመ ቤቱ የሚዞር ይመስላቸዋል።

ቃሉንም ስጧቸው፦ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አዞረኝ። ብዙዎቹ በአምስቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። በዕብራይስጥ «አኒ ጻሜ» ሲባል ባለቤቱ «እኔ» ነኝ፤ በ«ጠማኝ» ግን ስሜቱ ነው እኔ ላይ የሚመጣው። ቃላቱ ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ የግዕዙ «ጸምአ» ከዕብራይስጡ ጋር አንድ ሥር አለው።

ብዙዎቻችን አማርኛ እየሰማን በዕብራይስጥ እንመልሳለን። አያት «ያዞረኛል» ስትል የልጅ ልጇ «ስሐርሖሬት አላት» ብሎ ለሐኪሙ ካላደረሰ፣ ሕመሟ ሳይሰማ ይቀራል። ቤን የሁዳ ቃል መፍጠር ነበረበት፤ እኛ ግን አያቶቻችንን ብንጠይቅ ይበቃናል።