ከግብር አዳራሽ እስከ ሰፈር ምግብ ቤት፤ በአዲስ አበባ ከባልንጀራ ጋር ስለ መብላት ታሪክ

የአገራችን የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ጽፈዋል። ሕዝቡ ከቤቱ ውጭ የትና ከማን ጋር፥ በማንስ ወጪ ይበላ እንደ ነበር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ነገሩ ለምርምር የማይበቃ ተራ ጕዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ባልንጀራ የሚለውን ቃል ብዙዎች «ባለ እንጀራ» ከማለት የመጣ ነው ብለው ይተረጕሙታልና የወዳጅነትን ታሪክ ከማዕድ ታሪክ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባ የሰፈር ምግብ ቤት ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደ ደረሰ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቀድሞው ዘመን የበሰለ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር። እህል፥ በርበሬና ጨው በገበያ ይሸጣሉ፤ ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶችም ነበሩ፤ እንጀራና ወጥ ግን ለእንግዳ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም። መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይጠራል፤ ባለቤቱም ቤት ያፈራውን ያቀርብለታል። በመንግሥት ጕዳይ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ባላገሩ ድርጎ እንዲያወጣ ይታዘዝ ነበር። በከተማ ትልቁ ማዕድ የቤተ መንግሥቱ ግብር ነበረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በየተራ ይበላ ነበር። በዚያ አዳራሽ ግን ማንም እንደ ወደደ ከወዳጁ አጠገብ አይቀመጥም፤ መኳንንቱ በፊት፥ ሌላው ሠራዊት በኋላ፥ ሁሉም እንደ ማዕርጉ ይገባል። እንግዲህ የቀድሞው ማዕድ ለጋስ ቢሆንም እኩልነትን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአራዳ ሆቴል ባሠሩ ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ልማድ ነው። እንደሚነገረው፥ ሰው ከፍሎ መብላትን ስላፈረበት ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ወደ ሆቴሉ ወስደው ካበሉ በኋላ ሒሳባቸውን እንዲከፍሉ አድርገዋል። ታሪኩ በቃል ሲወርድ የመጣ ነው፤ ሆኖም ነውሩ ምን ያህል የጠነከረ እንደ ነበረ ያስረዳናል። ከፍሎ መብላት ማለት፥ በእኔ አስተያየት፥ የሚያበላው ጌታም የሚጠራው ዘመድም እንደሌለው ሰው መቈጠር ነበር።

ልማዱን በእውነት የለወጠው ግን የከተማ ኑሮ ነው። የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ዘመድ የሌለው ነጋዴ፥ ተሸካሚና የቀን ሠራተኛ በከተማይቱ እየበዛ ሄደ። ይህን ሰው ካበሉት መካከል ራሳቸው ከባላገር የመጡ ሴቶች ይገኛሉ። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ከፍተው ሲያበቁ ከመጠጡ ጋር የሚበላ ነገር ማቅረብ ጀመሩ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈዩባቸው ዓመታት ፒያሳ፥ ካዛንቺስና መርካቶ የሚባሉት ስሞች ተተከሉ፤ ፓስታና ማካሮኒ ተለመዱ፤ አስተናጋጁም ካሜሪየሬ ተባለ። ጠላት ሲወጣ ፓስታው ቀረ፤ የሰፈር ምግብ ቤትም በበርበሬ ስልስ ለውሶ በእንጀራ እያቀረበ የራሱ አደረገው። ከጉራጌ አገር የመጡ ሰዎች ደግሞ የመስቀል በዓል ማዕድ የነበረውን ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር ለከተማው ሁሉ አስለመዱ። የጾሙ ሥርዓትም በምግብ ቤቱ ገባ፤ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱና ሽሮ ይበረክታሉ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በምልክት ተለይቶ መሸጡ፥ ባልንጀሮች አብረው በሚበሉበት ጊዜ ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ጕዳይ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ ሁለት ነገሮች የሰፈር ምግብ ቤትን ነኩት። አንደኛው፥ ሰዓት እላፊ የምሽቱን ጨዋታ አሳጠረው። ሁለተኛው፥ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ የቀበሌ ቤት ሲሆን የብዙ ቤቶች ኪራይ ዝቅተኛ ሆነ። ጥቂት ወንበርና አንድ ምድጃ ያለው ምግብ ቤት ምሳውን በርካሽ ሊሸጥ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እስካሁን እንዳየነው የመብል መሸጥ ነውርነቱ ቀርቷል። ጋባዥነት ግን አልቀረም፤ ተከፋፈለ እንጂ። ባልንጀሮች በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጡ ማዕርግ የለም፤ አስቀድሞ የደረሰ አስቀድሞ ይቀመጣል፤ ማኅበራዊ የሚባል ምግብ እንኳ አለ። ሒሳብ ሲመጣ ግን «የኔ ነው፤ ተው እባክህ» የሚል ግብግብ ይነሣል። ይህን ግብግብ ለይምሰል የሚደረግ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የጌታው ጋባዥነት በባልንጀሮች መካከል በየተራ የሚዞርበት ሥርዓት ነው እላለሁ። የጽዋ ማኅበር ድግስ ከአባል ወደ አባል በወር በወሩ እንደሚዞር፥ እቁብም በዕጣ እንደሚዞር፥ የምሳው ሒሳብም እንዲሁ ይዞራል።

ይሁን እንጂ ተራው የሚደርሰው ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ስድስት ኪሎ አጠገብ ከምንበላባቸው ቤቶች በአንዱ አንድ ጓደኛችን ለብዙ ቀናት «በልቻለሁ» እያለ ከደጅ ይመለስ ነበር። እኛም አመንነው። እንዳልበላ የተረዳነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ተራውን ትተን ሁሉም እንደ አቅሙ የሚያዋጣበትን፥ ማን ስንት እንዳዋጣም የማይጠየቅበትን መንገድ ይዘናል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው የአባቶች ተረት ሳይበላ ከደጅ የተመለሰውንም የሚመለከት ይመስለኛል።

የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎዳ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ለከተማ ልማት ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም አብረው ፈርሰዋል። አሮጌ ቤት ሁሉ ይኑር ማለቴ አይደለም፤ ጣራው የሚያፈስ፥ መጸዳጃ የሌለው ቤት ለሚኖርበት ሰው መከራ ነው። ነገር ግን ርካሽ ኪራይ ሲጠፋ ርካሽ ምሳ ይጠፋል፤ ርካሽ ምሳ ሲጠፋም «በልቻለሁ» የሚለው ይበዛል። የቤተ መንግሥቱን ግብር የጻፈ አልጠፋም፤ የሰፈሩን ምግብ ቤት ግን ካልጻፍነው የሚጽፍልን የለም። ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች ሁላችን ከየሰፈራችን አንድ አንድ ቤት መርጠን፥ ማን እንደ ከፈተው፥ ምን ይቀርብበት እንደ ነበር፥ እነማን አብረው ይበሉበት እንደ ነበር ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን ብንመዘግብ ለታሪካችን ጠቃሚ ሥራ ይሆናል።