ድኅረ ርክክብ ግልጋሎት፦ የቃል ማብራሪያ

የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ስሙን ያገኘው «ማኅደር» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ ይህም ቃል በመጀመሪያ ትርጓሜው ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበትንና በጠፍር ከኩላብ ላይ የሚንጠለጠለውንም የቆዳ ማቀፊያ በዚሁ ስም ስንጠራው ኖረናል። እንግዲህ አንድ ደቀ መዝሙር ከዕቃ ቤቱ መጋቢ ባዶ ማኅደር ተውሶ መጽሐፉን ካኖረበት በኋላ፣ ሥራውን ሲፈጽም መጽሐፉን አውጥቶ ማኅደሩን በሥርዓት መለሰ፣ መጋቢውም ለሌላ ሰው አዋሰው እንበል። ያ ደቀ መዝሙር ግን ማኅደሩ ከበሩ በሦስተኛው ኩላብ ላይ እንደሚሰቀል በልቡ ይዞ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ በልማድ እጁን ሰዶ የሌላውን ሰው ዳዊት እንደ ራሱ አድርጎ ያነባል፤ ይባስ ብሎም በኅዳጉ ላይ የራሱን ማስታወሻ ይጽፍበታል። ክፋት አላሰበም፤ ጥፋቱ ዕቃውን መልሶ አድራሻውን አለመመለሱ ነው።

በኮምፒውተር ሊቃውንት ዘንድ ይህን የመሰለው ስሕተት በእንግሊዝኛ «ዩዝ አፍተር ፍሪ» ይባላል፤ እኛም በአማርኛ «ድኅረ ርክክብ ግልጋሎት» እንዲባል እናቀርባለን። ትርጓሜውም፣ አንድ ፕሮግራም የወሰደውን የማኅደረ ትውስታ ክፍል ካስረከበ በኋላ፣ የቀድሞውን አድራሻ ይዞ በዚያው ክፍል ሲገለገል መገኘቱ ማለት ነው።

ስሕተቱ በማናቸውም ፕሮግራም ሊደርስ ቢችልም፣ እጅግ የሚያስፈራው በሥርዓተ ክወና ድራይቨር ውስጥ ሲገኝ ነው። ድራይቨር ሥርዓተ ክወናውን ከካሜራ፣ ከማተሚያ ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚያነጋግር አስተርጓሚ ሲሆን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ውስጥ አብዛኛው ድራይቨር የሚሠራው ከርነል ከተባለው አስኳል ጋር በአንድ ግቢ፣ በአስኳሉም ሙሉ ሥልጣን ነው። ስለዚህ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ ድራይቨር ቢሳሳት ግን መላውን ማሽን ይዞ ሊወድቅ፣ ተንኰለኛም ሰው የተመለሰውን ክፍል በራሱ ጽሑፍ አስሞልቶ አስኳሉን እንደ ፈቃዱ ሊያዝበት ይችላል። አስኳሉ ትንንሽ ክፍሎችን 64፣ 96፣ 128፣ 192 ባይት እያለ በየልካቸው ደርድሮ ስለሚያኖር፣ ኬፍሪ በተባለው ትእዛዝ የተመለሰ ክፍል ወዲያውኑ ያንኑ ልክ ለጠየቀ ለሌላ ሰው ሥራ ሊውል ይችላል። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ የደረሰው የሲ ቋንቋም ክፍሉን እንዲመልሱ መንገዱን ይሰጣል እንጂ፣ ከመለሱ በኋላ አድራሻውን ከእጅ አይነጥቅም።

ለምሳሌ በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ መሣሪያን እንውሰድ። መሣሪያው ሲሰካ ድራይቨሩ ስለ መሣሪያው የሚያውቀውን ሁሉ የሚያሰፍርበት መዝገብ ከአስኳሉ ይወስዳል፤ አንድ ፕሮግራም መሣሪያውን ሲከፍት የዚያ መዝገብ አድራሻ ከተከፈተው ፋይል ጋር ይያያዛል፤ ባለቤቱ ገመዱን ሲነቅል ደግሞ የድራይቨሩ የመለያያ ክፍል «መሣሪያው ሄዷልና መዝገቡም ይመለስ» ብሎ ያስረክበዋል። ለዓይን የተስተካከለ ይመስላል፤ ነገር ግን ገመዱ በተነቀለበት ሰዓት ፕሮግራሙ ፋይሉን ገና አልዘጋ እንደ ሆነ፣ ኋላ ሊያነብ ወይም ሊዘጋ ሲመጣ ድራይቨሩ ያረጀውን አድራሻ ተከትሎ ሰው ቤት ይገባል። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይታይ ያልፋል፤ አንዳንዴ ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴም ጥፋቱ ከምክንያቱ ርቆ በሌላ ድራይቨር ላይ ይገለጥና ጠጋኙ ንጹሑን ሲመረምር ይውላል።

ንጹሑን ከበደለኛው ለመለየት የሊኑክስ አስኳል ሁለት ምስክሮች አሉት። አስኳሉ ለምርመራ በተሰናዳ ጊዜ የተመለሰውን ክፍል፣ ከመጨረሻዋ ባይት በቀር፣ በ107 ቁጥር ይሞላዋል፤ ይህም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 6ቢ ተብሎ ስለሚጻፍ፣ በብልሽቱ ዘገባ ውስጥ 6ቢ 6ቢ እያለ የሚደጋገም አድራሻ ያየ ጠጋኝ አንድ ሰው ከተመለሰ ክፍል እንዳነበበ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሊኑክስ 4.0 ጋር የገባው ካሳን የተባለው መርማሪ ደግሞ ለየ8 ባይቱ አንድ የምስክር ባይት መድቦ ይጠብቃል፤ ክፍሉን ማን እንደ ወሰደው፣ ማን እንደ መለሰውና ማን ያለ አግባብ እንደ ነካው ሦስቱንም በዘገባው ያሰፍራል።

ጀማሪ ጠጋኝ ፈጥኖ የሚያስባቸው ሁለት መድኃኒቶች ግን አይፈውሱም። ከመለሱ በኋላ አድራሻውን የያዘውን ጠቋሚ ባዶ ማድረግ የአንዱን ያዥ አድራሻ ይፍቃል እንጂ ሌሎቹ የያዙትን ግልባጭ አያጠፋም፤ ጭራሹን አለመመለስም አንዱን ደዌ በሌላው፣ ይኸውም በማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ መለወጥ ነው። የሚፈውሰው ጆርጅ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1960 የገለጸው የያዦች ቆጠራ ነው፤ መዝገቡ ሲወለድ ቁጥሩ 1 ይሆናል፣ የሚከፍት ሁሉ 1 ይጨምራል፣ የሚዘጋ ሁሉ 1 ይቀንሳል፣ ገመዱ ሲነቀልም የመለያያው ክፍል የራሱን 1 ብቻ ይቀንሳል፤ ቁጥሩን 0 ያደረሰው የመጨረሻው ያዥ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እርሱ ያስረክባል። ቆጠራው መዝገቡን በሕይወት ያቆያል እንጂ መሣሪያውን ስለማይመልስ፣ «መሣሪያው ሄዷል» የሚል ምልክት በቁልፍ ተጠብቆ ይጻፋል፤ ዘግይቶ የመጣው አንባቢም ምልክቱን አይቶ «መሣሪያው የለም» የሚል መልስ ይዞ ይሄዳል። በጉዞ ላይ ያሉ መልእክቶችና በቀጠሮ የተያዙ ሥራዎችም ከርክክቡ በፊት መቆም ይገባቸዋል።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ፍሪ» የሚለውን «ነጻ» ብንለው አንባቢ ከባርነት የወጣን ሰው ወይም ያለ ዋጋ የሚታደልን ነገር ያስባል። ግእዙ «ፈትሐ» ፈታ ማለት ነውና «ድኅረ ፍትሐት» ለምሥጢሩ የቀረበ ነበር፤ ዳሩ ግን ፍትሐት በቤተ ክርስቲያን ለሙታን የሚደርስ ጸሎት ስለ ሆነ፣ ድራይቨሩን ሳንጠግነው የቀበርነው ያስመስላል። «ርክክብ» ግን በየንብረት ክፍሉና በየመጋዘኑ የሚሠራበት ቃል ነው፤ አስረካቢና ተረካቢ ተገናኝተው፣ ዕቃው በእጁ ያለ ሁሉ ካልፈረመበትም አይጸናም። ይህን ስም የሰማ ጠጋኝ እንግዲህ የኬፍሪን መሥመር ብቻ አይመለከትም፤ አስቀድሞ «መዝገቡ ሲመለስ ያልፈረመው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።