የጉበት ልስላሴ በቁጥር፦ ለስላሳ ህብረ ሕዋስ ወደ ቀዶ ሕክምና ሲሙሌሽን የገባበት ታሪክ

በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን የቀዶ ሕክምናን ልምምድ ለማካሄድ በተደረገው ጥረት ውስጥ እጅግ ያስቸገረው የአካል ክፍሎች መልክ ሳይሆን ልስላሴያቸው ነው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ ሞላ የሚለጠጠው በሚስበው ኃይል ልክ መሆኑን ይገልጻል። ሕጉ ለብረት ሠሪ መሐንዲሶች ሲበቃ ለሰው አካል ግን አልበቃም። ቆዳን በሁለት ጣት ስቦ ያየ የጤና ባለሙያ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ በመጀመሪያ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን ይጠነክራል።

ይህን ጠባይ ለክተው በቀመር ካስቀመጡት ሊቃውንት ዋነኛው ዩዋን-ቼንግ ፈንግ (1919–2019) ሐኪም አልነበሩም። በቻይና ተወልደው በካሊፎርኒያ የአውሮፕላን አካል በአየር ግፊት የሚሆነውን ያጠኑ መሐንዲስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት የጥንቸል ሜሰንተሪ ግትርነት ከሚያርፍበት ውጥረት ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳዩ። በ1981 የወጣው የባዮሜካኒክስ መጽሐፋቸውም የዘርፉ መሠረት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር የፍጥነት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ሳታቫ ከጃሮን ላኒየር ጋር የሆድ ዕቃን በኮምፒዩተር ሠሩ፤ ዛሬ ሲታይ ከካርቱን ብዙም አይሻልም። ዓይን በሰከንድ 25 ያህል ምስሎች ቢቀርቡለት ይበቃዋል። መሣሪያ የጨበጠ እጅ ግን የአካሉን ግፊት እንደ እውነት እንዲሰማው ስሌቱ በሰከንድ ወደ 1000 ጊዜ መታደስ አለበት። ስለዚህም በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ ኮታን፣ ደሊንጌትና አያሽ በ1999 ባቀረቡት የጉበት ሞዴል አብዛኛውን ስሌት አስቀድመው ሠርተው አስቀመጡ። በዚህ ዘዴ የተነካው ጉበት ወዲያው ይጎደጉዳል፤ ቢላ ሲያርፍበት ግን ቅርጹ ስለሚለወጥ የተዘጋጀው ስሌት ዋጋ ያጣል። በ2000 መፍትሔ ያሉት፣ የሚቆረጠውን ትንሽ ክፍል ብቻ በየቅጽበቱ ማስላትና የቀረውን በቀድሞው ዘዴ መተው ነበር። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በአንጻሩ የሲሙሌሽንን ጥቅም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያረጋገጠው ታዋቂ ጥናት ስለ ልስላሴ አልተጨነቀም። በ2002 በታተመው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሬዚደንቶች ተሳትፈዋል። ከእነርሱ ግማሾቹ የሠለጠኑበት ሚስት-ቪአር የተባለው መሣሪያ የሚያሳየው ኳስን የመሰሉ ተራ ቅርጾችን እንጂ ጉበት ወይም ሐሞት ከረጢት አልነበረም። ሆኖም ሠልጣኞቹ የሐሞት ከረጢትን ከጉበት በመለየቱ ሥራ 29 በመቶ ፈጠኑ፤ ያልሠለጠኑት ደግሞ ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ ህብረ ሕዋስ የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የፈንግን ቀመር ቅንጦት አድርገው ይቆጥሩታል። አልስማማም። ኳሱ እጅና ዓይንን ያስተባብራል፤ የሰባ ጉበት በመሣሪያ ሲገፋ ከመቀደዱ በፊት ምን ያህል እንደሚታገሥ ግን አያስተምርም። ለዚህ ደግሞ ከሬሳ የተገኘ ልኬት አይበቃም፤ ደም የሚዘዋወርበት ጉበትና ደሙ የፈሰሰ ጉበት ለግፊት የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ ነውና። በ2007 ለተመራማሪዎች የቀረበው ሶፋ የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የሚመገበው ቁጥር ግን ከሕያው አካል መለካት አለበት።