ሳምንት የሚሸጥበት ገበያ

በእኛ አገር መሬት መሸጥ መለወጥ ከየካቲት 1967 ዓ.ም አዋጅ ወዲህ ቀርቷል። ፈረንጆቹ ግን መሬቱ አልበቃ ብሏቸው ሳምንት ይሸጣሉ። አዎ፣ ሰኞ ማክሰኞ ያለውን ሳምንት! «ታይምሼር» ይሉታል፤ አንድን የመዝናኛ ቤት በዓመት ለሰባት ቀን የመጠቀም መብት ማለት ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ላስ ቬጋስ ወይም ኦርላንዶ ለሽርሽር ሲሄዱ ነጻ ቁርስ፣ ነጻ የትርኢት ትኬት እየተባሉ አዳራሽ የሚጠሩት ለዚሁ ነው። ቁርሱ ሲያልቅ ጥያቄው ይመጣል፦ በየዓመቱ ለሆቴል ገንዘብ ከምትከሰክሱ ለምን አትገዙትም?

እኛም ይህች ጥያቄ ከየት እንደመጣች ለማየት ወደ ኋላ ሄድን። መግዛት ይሻላል መከራየት ለሚለው፣ ከሻጩ ካልኩሌተር ይልቅ የነገሩ ታሪክ ብዙ ይናገራልና።

ሲጀመር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1963 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሃፒማግ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። አባላቱ አክሲዮን ይገዛሉ፤ ድርጅቱ በተለያዩ አገሮች የመዝናኛ ቤቶች ይይዛል፤ አባላቱ በየተራ ይጠቀማሉ። ለእኛ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። ዕቁብ ላይ ገንዘቡ ይዞራል፣ እዚህ ደግሞ ቤቱ። እ.ኤ.አ በ1967 ፈረንሳይ አልፕስ ተራራ ላይ ሱፐርዴቮሉዊ በተባለው የበረዶ ሸርተቴ መንደር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ማስታወቂያው በደፈናው «ክፍሉን ከምትከራዩ ሆቴሉን ግዙ፣ ይረክሳል» የሚል መንፈስ ነበረው። የዛሬው ሻጭ የሚያነበንባት ያችኑ ነው፤ ቋንቋዋ ብቻ ተለወጠ።

ወሬው የሚጣፍጠው ግን ፍሎሪዳ ሲደርስ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ባሕር ዳርቻው ሁሉ በኮንዶሚኒየም ተሞላ (የዕጣውን ማለታችን አይደለም፤ ያኛው ለሀብታም ዕረፍት የተሠራ ነው)። እ.ኤ.አ በ1973 የነዳጁ ቀውስ መጣ። ኢኮኖሚው ተንገዳገደ፣ ገዢ ጠፋ፣ ሕንፃዎቹ ባዷቸውን ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ሙሉውን ቤት የሚገዛ ከሌለ ለምን ቆራርጠን አንሸጠውም የተባለው። እ.ኤ.አ በ1974 ካሪቢያን ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ ፎርት ሎደርዴል ላይ የ25 ዓመት የመዝናኛ ፈቃድ መሸጥ ጀመረ። እዚህ «መሬት ላራሹ» በሚባልበት ሰሞን መሆኑ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ቤት በ60 ሺህ ዶላር ገዢ አጣ እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ ሁለቱን ለጥገና እንተውና 50ውን እያንዳንዱን በ4 ሺህ ዶላር ብንሸጥ 200 ሺህ ዶላር! (ቁጥሩ የእኛ ምሳሌ ነው፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።) ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ ነው እንዳትሉ። ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለቁርሱ፣ ለትኬቱ፣ ለማስታወቂያው፣ ለሻጩ ኮሚሽን ነው። ገዢው ለራሱ ማባበያ ራሱ ይከፍላል ማለት ነው። የገዛውን በማግስቱ ልሽጥ ቢል ዋጋው አፈር ድሜ የሚበላውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ገዢ የሌላ ሰው ቁርስ ለምን ይከፍላል?

አንድ ችግር ነበር። በየዓመቱ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሳምንት መሄድ ይሰለቻል። በዚያው በ1974 ባልና ሚስቱ ጆን እና ክርስቴል ዴሃን ኢንዲያናፖሊስ ላይ አርሲአይ የተባለውን የመለዋወጫ ድርጅት አቋቋሙ፤ የፍሎሪዳ ሳምንትህን ሰጥተህ የሌላ ቦታ ሳምንት ትወስዳለህ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ1996 ሲሸጥ 825 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከዚያ በፊት ማሪዮት በ1984፣ ዲዝኒ በ1991 ወደ ገበያው ገብተው ነበር። ትልልቆቹ ስሞች ሲመጡ የነገሩ መጥፎ ስም ትንሽ ታጠበ። ዲዝኒ ደግሞ ሳምንቱን ትቶ በነጥብ መሸጡን አስለመደ። ስለ ፍትሕ እንናገር ከተባለ፣ ዲዝኒ በተሻለ ዋጋ መልሶ ይሸጣል፤ በገዙት የሚደሰቱ ቤተሰቦችም አሉ።

እኛን የሚያሳስበን ወረቀቱ ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ውሎች ማብቂያ የላቸውም። ሻጩ ይህንን «ለልጅ ልጅ የሚተርፍ» ብሎ ያቆላምጠዋል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ርስት የሚል ነገር ሲሰማ ልቡ ይርዳል። ግን ይህ ርስት በየዓመቱ ግብር ያስከፍላል። የአሜሪካ ሪዞርት አልሚዎች ማኅበር በ2020ዎቹ ባወጣቸው አሃዞች አማካይ የመግዣ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር፣ የዓመቱ የጥገና ክፍያ ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ክፍያው ሄድክም አልሄድክም አይቀርም፣ በየጊዜውም ይጨምራል። ዋጋውን ከሻጩ በብድር ለሚወስድ ከአሥር በመቶ በላይ ወለድ የተለመደ ነው። ባለ ርስት ልሁን ብሎ ገባር መሆን እንግዲህ ይኼ አይደል? ኢቤይ ላይ በአንድ ዶላር የሚወጡ ታይምሼሮች የዚህ ውጤት ናቸው። ሰዎቹ ገንዘብ አይፈልጉም፤ ከክፍያው የሚገላግላቸው ነው የሚፈልጉት። (ልጆች ውርሱን አልቀበልም ማለት ይችላሉ፤ ይህን ግን አዳራሹ ውስጥ የሚነግራቸው የለም።)

አውሮፓ ቀድማ ነቃች። እ.ኤ.አ በ1994 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ ለገዢ ቢያንስ የአሥር ቀን የመጸጸቻ ጊዜ ሰጠ፣ በዚያ ውስጥ ቀብድ መቀበልንም ከለከለ። በ2008 ቀኑ 14 ሆነ። ስፔን በ1998 ባወጣችው ሕግ ውሉ ከ50 ዓመት እንዳይበልጥ አደረገች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም በጥር 2015 ማብቂያ በሌለው ውል ላይ ፈረደ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? እኛ ለኪራዩ ነን። ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ገንዳ፣ ያንኑ ባሕር ባለቤቶቹ ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ያከራያሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የዓመቱን የጥገና ክፍያ ያህል ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። የ20 ሺህ ዶላር መግቢያ የለውም፣ በሚቀጥለው ዓመት ባትሄድ ማንም ደብዳቤ አይልክብህም። መግዛት አለብኝ ያለ ሰው ደግሞ ከሁለተኛ እጅ ይግዛ፤ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ፈልጎ ያንብብ።

ፈርሞ ለወጣ ዘመድ ግን ስልክ ለመደወል ነገ አይባልም። ኔቫዳ ላይ ማፍረሻው አምስት ቀን ነው፣ ካሊፎርኒያ ሰባት፣ ፍሎሪዳ አሥር። በቃል አይበቃም፤ በጽሑፍ፣ ውሉ ላይ ባለው አድራሻ፣ የተላከበትን ደረሰኝ ይዞ።