ከጸሎት ቤት የወጣው ዘፈን

አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለው። ለእግዚአብሔር የሚቀርበው መዝሙር ነው፤ ለሰው የሚቀርበው ዘፈን ነው። ባለሙያዎቹም ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ዘማሪ፣ ሌላው ዘፋኝ ይባላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርቶ ያልፋል። ቢሆንም የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ቋንቋው ባያግዛትም፣ ከኛ ባላነሰ ጥብቅነት በሁለቱ መካከል አጥር አጥራ ኖራለች። አጥሩን ዘሎ የወጣ ዘማሪ እንደ ከሃዲ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ለአንባቢ ላወጋ የፈለግሁት በዚያ አጥር ላይ ስለተደረገው መግባትና መውጣት፣ ከዚያም ስለተወለደው «ሶል» ስለተባለው ሙዚቃ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ ይሏል።)

የሶል ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከሬይ ቻርልስ ነው። ዓይነ ስውሩ ፒያኖ ተጫዋች የመዝሙር ዜማ ወስዶ የፍቅር ግጥም አለበሰው፤ ምእመናን ተቆጡ፤ ወጣቱ ጨፈረ፤ ሶል ተወለደ ይባላል። ታሪኩ ሐሰት አይደለም። ግን ከመካከሉ የተጀመረ ነው። ሬይ ቻርልስ ከጸሎት ቤት ይዞት የወጣው ነገር ከሃያ ዓመት በፊት ከመጠጥ ቤት የገባ መሆኑን አይነግረንም። ስለዚህ እኔ የምጀምረው ካስገባው ሰው ነው።

ቶማስ ዶርሲ በ1899 በጆርጂያ ግዛት፣ ቪላ ሪካ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሰባኪ፣ እናቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ልጁ ግን አንዱን ጆሮውን ለሰንበቱ መዝሙር፣ ሌላውን በአትላንታ ቲያትር ቤቶች ለሚሰማው ብሉዝ ሰጥቶ ነው ያደገው። ወደ ሺካጎ ከሄደ በኋላ «ጆርጂያ ቶም» በሚል የመድረክ ስም የታወቀ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ወጣው። በዘመኑ የብሉዝ እናት የምትባለውን ማ ሬይኒን አጅቧል። በ1928 ደግሞ ታምፓ ሬድ ከሚባለው ጊታር ተጫዋች ጋር ያስቀረጸው፣ ግጥሙ ጨዋ ሰው ፊት የማይደገም አንድ ሸክላ እንደ ጉድ ተሸጠለት።

ይኸው ሰው ነው መዝሙር መድረስ የጀመረው። ቃሉ ስለ ጌታ ቢሆንም ጣቱ የለመደውን አልረሳም፤ ምቱ ያወዛውዛል፣ ዜማው እንደ ብሉዙ ተለምጦ ይወርዳል። ዶርሲ የመዝሙሮቹን ወረቀት በብብቱ ይዞ ከደጅ ደጅ ሲዞር የሺካጎ ትልልቅ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ፊት ነሱት። የተማረውና ኑሮ የሞላለት ምእመን ይፈልግ የነበረው በኖታ የሚዘመር፣ ጭብጨባና ጩኸት የሌለበት፣ የነጮቹን የሚመስል መዝሙር ነው። ከደቡብ የጥጥ እርሻ የፈለሰው ድሃ ይዞት የመጣው ማጨብጨብና መቃተት ያሳፍረው ነበር። ዶርሲ ከስንቱ ደህና ቤተ ክርስቲያን እንደተባረረ ከሸመገለ በኋላም ያወራ ነበር።

በኦገስት 1932 ዶርሲ ለመንፈሳዊ ጉባኤ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሳለ ቴሌግራም ደረሰው። ነፍሰ ጡር ባለቤቱ በወሊድ ሞታለች። ሺካጎ ሲደርስ ወንድ ልጅ ተወልዶ ቆየው፤ ሕፃኑም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። እናትና ልጅ በአንድ ሣጥን ተቀበሩ። ዶርሲ ለጥቂት ቀናት እግዚአብሔርን አኩርፎ ከቆየ በኋላ ነው፣ ከአንድ የቆየ ዜማ ተነሥቶ «ክቡር ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ» የተባለውን መዝሙር የደረሰው። መዝሙሩን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከብሉዝ የተወሰደው ምቱ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በዚህ መዝሙር ነው። ብሉዝ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ጉዳቱን የሚያወጣበት እንጉርጉሮ ነው። ዶርሲ አንድ ድምፅ ከማኅበሩ ተለይቶ ቆሞ፣ ደክሞኛል፣ ብቻዬን ነኝ እንዲል በጸሎት ቤት ውስጥ ቦታ ሰጠው። ማኅበሩ ደግሞ እየተቀበለ ያጽናናዋል። ጎስፕል የሚባለው ሙዚቃ አጥንቱ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት ዶርሲ በሺካጎ የፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ሆነ፤ ለአሥርተ ዓመታትም አልለቀቀም። (ሕንፃው በጃንዋሪ 2006 በእሳት ጋይቷል።) ከኒው ኦርሊንስ የመጣችው ማሃሊያ ጃክሰን ከሱ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች መዝሙሮቹን አስተዋወቀችለት። ብሉዝ እንድትዘፍን ስንት ገንዘብ ቢቀርብላት እሺ ያላለች ሴት ናት። በ1947 ያወጣችው የመዝሙር ሸክላ በገበያው ታይቶ የማይታወቅ ሽያጭ አገኘ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ሞቴል ሰገነት ላይ በጥይት ከመመታቱ ከደቂቃዎች በፊት፣ ለዚያ ምሽት ስብሰባ እንዲጫወትለት ሳክስፎኒስቱን የለመነው ይህንኑ የዶርሲ መዝሙር ነበር። በ1968 በቀብሩ ላይ የዘመረችውም ማሃሊያ ናት።

እንግዲህ በ1954 ሬይ ቻርልስ የደረሰበት ሙዚቃ ይህ ነው። ሬይ ከባንዱ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ በመኪና ሲጓዝ በራዲዮ «ሳዘርን ቶንስ» የሚባሉ ዘማሪዎችን ይሰማል። ዜማው ይይዘዋል። ከመለከት ተጫዋቹ ከሬናልድ ሪቻርድ ጋር ሆነው በኢየሱስ ቦታ አንዲት ሴት አስገቡና በኖቬምበር አትላንታ ውስጥ፣ በአንድ ራዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ቀረጹት። «አይ ጋት ኤ ውማን» ይህ ነው። በ1955 በጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ቁጣው ከምእመናን ብቻ አልመጣም። ቢግ ቢል ብሩንዚ የተባለው አንጋፋ የብሉዝ ዘፋኝ ሳይቀር ብሉዝና መንፈሳዊ አይቀላቀልም፣ ይህ ድምፅ የሚገባው ለቤተ ክርስቲያን ነው ሲል ወቀሰው።

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩን አስተውልልኝ። በ1930ዎቹ ዶርሲን «ሙዚቃህ መጠጥ መጠጥ ይሸታል» ብላ የመለሰችው ቤተ ክርስቲያን፣ በ1950ዎቹ ሬይ ቻርልስን «የኔን ወሰድክ» አለችው። ሁለቱም ጊዜ ክርክሩ በአንድ ዕቃ ላይ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያኒቱን አልፈርድባትም። ዶርሲ ያስገባውን ነገር በሃያ ዓመት ውስጥ በእንባዋና በቀብሯ አሽታ የራሷ አድርጋዋለች፤ የተመለሰው የገባው ብቻ አይደለም። መዘምራኑ ሦስት አራት ሴት ተቀባዮች ሆነው ወጡ። ጭብጨባው ከበሮ ሆነ። አንዱን ቃል እየሳቡ፣ እየሰበሩ፣ በብዙ ድምፅ ማመላለሱ ከሰባኪውና ከዘማሪው አንደበት ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ከሁሉ በላይ የወጣው ግን መጨረሻው ነው። በጥቁሮቹ ጸሎት ቤት መዝሙር አለቀ ሲባል አያልቅም፤ ኦርጋኑ በሁለት ድምፅ ላይ ይመላለሳል፣ መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ሬይ ቻርልስ በ1959 ያወጣው «ዋድ አይ ሴይ» ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። አንድ ምሽት ፕሮግራሙ አልቆበት ጊዜ ተርፎት፣ ተቀባዮቹን «የምለውን ተቀበሉ» ብሎ መድረክ ላይ የፈጠረው ነው።

የሬይ ቻርልስ ግን ቀላሉ ነው፤ እሱ በሙያው ዘማሪ ሆኖ አያውቅም። የባሰበት ሳም ኩክ ነው። በ1931 በሚሲሲፒ ግዛት የተወለደው ይህ የሰባኪ ልጅ በሃያ ዓመቱ ገደማ «ሶል ስቲረርስ» የተባሉት የታወቁ ዘማሪዎች መሪ ድምፅ ሆነ። መልከ መልካም፣ ድምፁ ወለላ። ሳም ሲዘምር ሴቶች ይወድቁ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስ ይሁን ሳም ራሱ የሚጥላቸው እንጃ። በ1956 «ወንደርፉል» የሚለውን የራሳቸውን መዝሙር ቃል ለውጦ «ላቨብል» የሚል የፍቅር ዘፈን ቀረጸ። መዝሙር ወዳዶቹን እንዳያጣ ሸክላው የወጣው «ዴል ኩክ» በሚል ስም ነበር። ያ ድምፅ ደግሞ በስም ይደበቃል? ሁሉም ለየው። በ1957 በገዛ ስሙ ያወጣው «ዩ ሴንድ ሚ» ነጩንም ጥቁሩንም ገዝቶ በአገሪቱ አንደኛ ሆነ፤ ወደ ሶል ስቲረርስም አልተመለሰም።

በኦክቶበር 1963 ሳም ኩክ ከባለቤቱና ከባልደረቦቹ ጋር በሉዊዚያና ግዛት ሽሪቭፖርት ከተማ አስቀድሞ አልጋ ከያዘበት ሞቴል በቆዳው ቀለም ተመለሰ። ተቃወመ፤ ጸጥታ አደፍርሰሃል ተብሎ ታሰረ። በጃንዋሪ 1964 የቀረጸው «ለውጥ ይመጣል» የተባለው ዘፈን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ይህ ዘፈን ስለ ፍቅር አይደለም፤ የእግዚአብሔርም ስም አልተጠራበትም። ግን አዘፋፈኑ ሁሉ የሶል ስቲረርሱ ዘማሪ ነው። አጥሩን ዘሎ የወጣው ሰው የወገኑን መከራ ሊናገር ሲፈልግ ያገኘው ቋንቋ ትቶት የወጣውን ነው። እሱ ራሱ በዲሴምበር 11 ቀን 1964 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥይት ሞተ። ዘፈኑ በነጠላ ሸክላ የወጣው ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

ሶል ወደኛም መጥቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ «ሶል ኤኮስ» የሚባል ባንድ ነበር፤ በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴም የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን ሲባል ነው የኖረው። የኛ ሰው ግን የተቀበለው ሱሪውን፣ ጩኸቱንና ናሱን ነው። ሙዚቃው ከየት ጸሎት ቤት እንደወጣ ማንም የጠየቀ አይመስለኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገውም። የሚገርመው በኛ አገር መንገዱ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ሙሉቀን መለሰና ሂሩት በቀለ ከዘፈን ወደ መዝሙር ሄዱ። የሄደ አይመለስም። አድናቂያቸው የድሮ ካሴታቸውን ይዞ ቀረ፣ እነሱም በድሮ ካሴታቸው ሳይኮሩ ኖሩ። አሜሪካም እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፤ አል ግሪን በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ በ1976 ሜምፊስ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ገዝቶ ሰባኪ ሆኗል።

አሬታ ፍራንክሊን ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትባልም አልመረጠችም። አባቷ ሬቨረንድ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በዲትሮይት የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። ስብከቱ በሸክላ እየታተመ የሚሸጥ፣ ንግግር ሲጀምር ሰብኮ ሲጨርስ የሚያዜም ሰው ነው። አሬታ በ1956 በአሥራ አራት ዓመቷ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ መዝሙሮቿን ቀረጸች። በ1960 ወደ ዘፈን ስትገባ አባቷ አልከለከላትም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት እምብዛም ነበሩ፤ አሳታሚዎቿ የምሽት ክበብ ዘፋኝ ሊያደርጓት ፈለጉ። በ1967 ሌላ ድርጅት አላባማ ወስዶ ፒያኖው ላይ አስቀመጣትና እንደ ቤተ ክርስቲያኗ እንድትጫወት ተዋት። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። በዚያው ዓመት የኦቲስ ሬዲንግን «ሪስፔክት» ወስዳ የሴትም የጥቁርም ጥያቄ አደረገችው።

በዝናዋ ጣራ ላይ ሳለች፣ በጃንዋሪ 13 እና 14 ቀን 1972 ምሽት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ወደሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ገብታ መዝሙር ቀረጸች። ቤቱ ቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር። መዘምራኑን ይዞ የጠበቃት ሬቨረንድ ጄምስ ክሊቭላንድ ነው። ጄምስ በልጅነቱ ሺካጎ ፒልግሪም ባፕቲስት ውስጥ በዶርሲ እጅ የዘመረ፣ በኋላም በአባቷ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ከበሮውን፣ ቤዙንና ጊታሩን የያዙት ግን የዘፈን ባልደረቦቿ ናቸው። የካሮል ኪንግን ተወዳጅ ዘፈን «ዩቭ ጋት ኤ ፍሬንድ»ን ከዶርሲ «ክቡር ጌታ ሆይ» ጋር አንድ አድርጋ ዘመረች። ወዳጅነት የሚያወራው ዘፈንና አርባ ዓመት ቀድሞ በአንድ ሐዘንተኛ የተደረሰው መዝሙር በአንድ ዜማ ሲሄዱ ስፌቱ አይታወቅም።

በሁለተኛው ምሽት አባቷ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ሲናገር፣ ሰዎች ልጅህ ቤተ ክርስቲያንን ትታለች እንደሚሉት፣ እሷ ግን ፈጽሞ ትታ እንደማታውቅ ለሕዝቡ ነገረ። ፒያኖው ላይ ተቀምጣ ስትዘምርም ተነሥቶ በፎጣ የፊቷን ላብ ጠረገላት። ከዚያ ሁለት ሌሊት የወጣው «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው አልበም አሜሪካ ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ሲድኒ ፖላክ የተባለው ዲሬክተር ሁለቱን ምሽቶች በፊልም አንሥቷቸው ነበር። ነገር ግን ቀረጻ ሲጀመር ምስሉንና ድምፁን ለማገናኘት የሚመታውን ሰሌዳ አላስመታም። ሰዓታት የሚፈጀው ምስል ከድምፁ ጋር አልገጥም ብሎ ተዘግቶበት ተቀመጠ። ከዓመታት በኋላ በኮምፒዩተር ሲገጣጠም ደግሞ አሬታ በፍርድ ቤት አሳገደችው። እሷ በኦገስት 16 ቀን 2018 አረፈች፤ ቤተሰቧ ፈቅዶ ፊልሙ ኒው ዮርክ ውስጥ የታየው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው። የአባቷ ፎጣ እዚያ ላይ ይታያል።