ቄሮ (የጓሳ ሥርዓት)

ቄሮ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ የጓሳን ደጋ ሣርና ቁጥቋጦ ለማስተዳደር የአካባቢው ሕዝብ ያቋቋመው ባህላዊ ሥርዓት ነው። አጀማመሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ይያያዛል። መሬቱ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን ምን ያህል እንደሚያጭድና አጥፊ እንዴት እንደሚቀጣ የሚወሰነው በተጠቃሚዎቹ ጉባኤና በመረጧቸው አለቆች ነበር። ስሙ በኦሮምኛ ወጣት ወንድ ከሚለው «ቄሮ» ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ነገሩ የተለየ ነው።

የቦታው ጠባይ

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ በስምጥ ሸለቆው ገደል አናት ላይ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስሙን ያገኘው በጉብታ በጉብታ ሆኖ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ጠንካራ ስለሆነ ለቤት ክዳን ከገለባ ይመረጣል፤ ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያና ባርኔጣ ይሠራበታል፣ እረኛውን ከዝናብ የሚያስጠልለው ገሳም ከዚሁ ሣር ነው።

በዚህ ከፍታ ብርዱና ውርጩ ትልልቅ ዛፍ አያበቅልም ማለት ይቻላል። አስታ እንኳ በዝቅተኛው ደጋ እንደሚሆነው ዛፍ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ለማገዶ የሚለቀመው በተለይ ጨረንፊ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲሆን፣ የጎደለውን ኩበት ይሞላል። ጅብራ ከሩቅ ዛፍ ቢመስልም እንጨቱ ለዚህ አይሆንም። እንጨት በዚህ መጠን ብርቅ በሆነበት አገር፣ ያለ ደንብ የሚቆረጥ ቁጥቋጦ ቶሎ እንደሚያልቅ መገመት አያዳግትም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በጓሳ እስከ ዛሬ የመገኘታቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው የሣሩ መጠበቅ ነው፤ ቀበሮው በሣሩ ውስጥ የሚኖሩትን አይጦች ያድናል፣ ጭላዳ ደግሞ ሣሩን ራሱን ይመገባል።

አሠራሩ

በአፈ ታሪክ ጓሳ በመጀመሪያዎቹ አቅኚ አባቶች በአስቦና በጌራ ስም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የመጠቀም መብቱም ከእነርሱ መወለድን ለሚቆጥር፣ ማለትም የአጽመ ርስት ባለ መብት ለሆነ ሰው ነበር። እያንዳንዱ ወገን «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ በስምምነት ይመርጣል። አባ ቄራው ጥበቃውን ያደራጃል፣ ክርክር ይዳኛል፣ የሣሩን ሁኔታ እያየም ጉባኤውን ያማክራል።

ጓሳ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። የመዝጊያው ርዝመት አስቀድሞ የተቆረጠ አልነበረም፤ የሣሩ እድገትና የሕዝቡ ችግር ተመዝኖ ይወሰን ነበር። ይህ የሥርዓቱ ብልህ ጎን ይመስላል፤ ቀኑ የሚታየው በሣሩ እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለምና። የሚከፈተው በበጋው ልክ ሲሆን፣ ቀኑ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ በማጭድ ይታጨዳል፤ ሥሩ ስለማይነቀል መልሶ ያቆጠቁጣል። አጨዳው ሲያበቃ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲጀምርና የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ማለትም ሐምሌ 5 ቀን፣ ሰውም ከብትም ለቅቆ ይወጣል፤ ዝናቡ ለሣሩ ብቻ ይተዋል።

ከዚህ ውጪ የገባ ይቀጣል። ቅጣቱ ከገንዘብ ጀምሮ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል። ጥበቃውም የጥቂት ዘበኞች ሥራ ሳይሆን የአባወራው ሁሉ ግዴታ ነበር።

ሥርዓቱ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ከአቅኚዎቹ ያልተወለደ መጤ በጉባኤው ድምፅ፣ በሣሩም ድርሻ አልነበረውም። ቄሮን ሲያወድሱ ይህን መዝለል የተለመደ ቢሆንም፣ ሣሩን ያቆየው ሕግና ጎረቤትን ያገለለው ሕግ አንድ ነበሩ።

ከዛፍ ባለሙያዎች ጉባኤ ጋር ሲነጻጸር

በሌላው ዓለም የዕፅዋት እንክብካቤ ጉባኤ ሲባል በብዛት የሚታሰበው የባለሙያዎች ስብሰባ ነው። በአሜሪካ፣ ኮነቲከት ግዛት፣ ስታምፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 የተደረገው የጥላ ዛፎች ጉባኤ ዛሬ ዓለም አቀፍ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር ለሚባለው ድርጅት መነሻ ሆነ፤ ማኅበሩ የዛፍ ተንከባካቢዎችን እየፈተነ የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 በጣሊያን ማንቶቫ ከተማ የመጀመሪያውን የከተማ ደኖች ዓለም አቀፍ መድረክ ከአጋሮቹ ጋር አካሂዷል። እነዚህ ጉባኤዎች እውቀትና የአሠራር ደረጃ ያሠራጫሉ፤ ዛፉን የሚያስቆርጠው ወይም የሚያስተርፈው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ወይም ባለ ንብረቱ ነው። በጓሳ ያወቀውም፣ የወሰነውም፣ ያጨደውም አንድ ሕዝብ ነበር።

አዲስ አበባ ሦስተኛ መንገድ ያሳያል። የማገዶ እጥረት ከተማዋን ሊያስለቅቅ በደረሰበት ዘመን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የገባው ባሕር ዛፍ በቤተ መንግሥቱ ማበረታቻ ተስፋፋ። ውሳኔው ከላይ መጥቶ ችግሩን በፍጥነት ፈታ፤ ባሕር ዛፉ ውኃ ይመጥጣል የሚለው ክርክር ግን ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስካሁን አልተዘጋም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ቄሮም መሠረቱን አጣ። መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ ተገልለው የነበሩ ቤተሰቦችም የመጠቀም ዕድል አገኙ። ነገር ግን የመዝጊያውን ዘመን የሚያስከብር አካል ስላልነበረ ጓሳ ያለ ዕረፍት ይታጨድና ይጋጥ ጀመር።

ኅብረተሰቡ በኋላ «የጓሳ ኮሚቴ» የተባለ አካል አቋቋመ። የኮሚቴው አባላት የተመረጡት ከአዋሳኝ የገበሬ ማኅበራት እንጂ ከትውልድ ሐረግ አልነበረም፤ መግባትን የመቆጣጠር ሥራ ግን የቄሮ ውርስ ነው። ዛሬ ቦታው በኅብረተሰብ የሚጠበቅ የጥበቃ ሥፍራ ሲሆን፣ ስፋቱ እንደ ድንበሩ አለካክ ከ78 እስከ 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል። የራሱ ጠባቂዎችና የኅብረተሰቡ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ ጭላዳዎቹን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚያ ይሠራሉ። ቆርቆሮ እየተስፋፋ የሣር ክዳን ፈላጊ ሲቀንስ፣ መዝጋቱን የሚያጸድቀው ጥቅም ከክዳን ወደ ግጦሽ፣ ወደ ምንጭ ውኃና ወደ ጎብኚ ገቢ እየዞረ ነው።